ለአነስተኛ ቢሮ ርካሽ የኢንተርኔት ስልክ፦ አሠራሩ፣ ሕጉና አማናው



  

የዚህ እትም ትምህርታችን ከሥራ ላይ የተነሣ ነው። በኮምፒውተርና በኤሌክትሪካል ትምህርት ላይ ካሉት ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ብዙዎቹ በትርፍ ጊዜያቸው ለባሕር ዳር ትንንሽ ቢሮዎች ኔትወርክ ይዘረጋሉ፣ ካሜራ ይተክላሉ፣ ዋይፋይ ያስተካክላሉ። አሁን አሁን ደግሞ «የቢሮ ስልክ በኢንተርኔት በርካሽ ሥሩልን» የሚል ጥያቄ ይመጣላቸዋል። ይህ አንድ ጥያቄ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ሊሸፍን ይችላል። አንዱ ንጹሕ ሙያ ነው፤ የቢሮውን ወጪ ይቀንሳል፣ ለሠሪውም ሐላል ሪዝቅ ነው። ሌላው በሕግ የተከለከለ ነው፤ ያላወቀ ተማሪን እስር ቤት ያስገባል። የሁለቱ ዕቃ ሲታይ ይመሳሰላል፤ ቃሉም አንድ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ አሠራሩን፣ ቀጥሎ የሚለያዩበትን ቦታ፣ በመጨረሻም በእጃችን የሚገባውን አማና እንመለከታለን ኢንሻአላህ።

1. ድምጽ በኢንተርኔት እንዴት ይጓዛል?

በድሮው የስልክ አሠራር ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ከአንዱ እስከ ሌላው ድረስ አንድ መስመር ለእነሱ ብቻ ተይዞ ይቆያል። በኢንተርኔት ስልክ ግን ድምጹ ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ ብዙ ጊዜ በየ20 ሚሊሰከንዱ እየተቆረጠ በጥቅል በጥቅል ይላካል። ተቀባዩ መሣሪያ ጥቅሎቹን በቅደም ተከተላቸው ገጥሞ መልሶ ድምጽ ያደርጋቸዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ፕሮቶኮሎች ሥራ ይከፋፈላሉ። ሲፕ የሚባለው ደዋዩን ከተደዋዩ ያገናኛል፦ «እገሌ ይፈልግሃል፣ ስልኩ እየጮኸ ነው፣ ተነሣ፣ ተዘጋ» የሚሉትን መልእክቶች ያመላልሳል። አርቲፒ የሚባለው ደግሞ ድምጹን ራሱን ይሸከማል። ሲፕ ዛሬ የምንሠራበትን መልክ የያዘው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ለሁሉም ክፍት የሆነ ደንብ በመሆኑ ከተለያዩ ፋብሪካዎች የወጡ ስልኮች ይግባባሉ። ለአነስተኛ ቢሮ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ አንዱን ዕቃ ከአንድ ሻጭ ስለገዛን ሌላውንም ከእሱ ለመግዛት አንገደድም።

አሁን ስሌቱን አብረን እንሥራ። ጂ711 የሚባለው የድምጽ አቀራረጽ በሰከንድ 64,000 ቢት ይፈልጋል። በየ20 ሚሊሰከንዱ ሲቆረጥ እያንዳንዱ ጥቅል 160 ባይት ድምጽ ይይዛል። በዚያ ላይ 40 ባይት የአድራሻ ማሸጊያ ይጨመርበታል፤ ድምሩ 200 ባይት ነው። በሰከንድ 50 ጥቅል ስለሚላክ 200 በ50 በ8 ሲባዛ 80,000 ቢት ይሆናል። ይህ በአንድ አቅጣጫ ነው፤ በሌላውም አቅጣጫ ያው ነው። ጂ729 የሚባለው ደግሞ ድምጹን በጣም ስለሚጨምቀው ጥቅሉ 20 ባይት ድምጽና 40 ባይት ማሸጊያ ይሆናል፤ ውጤቱም 24,000 ቢት በሰከንድ ነው። ማሸጊያው ከድምጹ በልጦ እንደተገኘ ልብ በሉ።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በአንድ ቢሮ ውስጥ 4 ጥሪዎች በአንድ ጊዜ ቢደረጉና ሁሉም በማዕከላዊው ኮምፒውተር ቢያልፉ እንኳ በየአቅጣጫው ከ1 ሜጋ ቢት በታች ነው፤ ተራው 100 ሜጋ ቢት ስዊች ምንም አይሰማውም። ሁለተኛ፣ ያው ጥሪ በሞባይል ዳታ ቢሆን በጂ711 የአንድ ሰዓት ንግግር በአንድ አቅጣጫ 36 ሜጋ ባይት፣ በሁለቱም 72 ሜጋ ባይት ይበላል። ውስጥ ለውስጥ ነጻ የሆነው ነገር ውጭ ሲወጣ ዋጋ አለው ማለት ነው።

ከመጠኑ ይልቅ የሚያስቸግረው መዘግየት ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምጽ ከአፍ ወጥቶ ጆሮ እስኪደርስ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመክራል። ከዚያ ብዙ ሲያልፍ ሰዎች አንዱ በአንዱ ቃል ላይ መግባት ይጀምራሉ።

2. የስልኩ አንጎል

ቅጥያ ቁጥሮችን የሚያውቀው፣ ማን ለማን እንደደወለ አይቶ የሚያገናኘው ማዕከል ፒቢኤክስ ይባላል። ድሮ በውድ የሚገዛ ካዝና የሚያህል ዕቃ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ማርክ ስፔንሰር የተባለ የአሜሪካ የኦበርን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሊነክስ ድጋፍ የሚሰጥ ትንሽ ድርጅት ከፈተ፤ ፒቢኤክስ ለመግዛት ግን አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ራሱ ጻፈው፤ ስሙንም አስተሪስክ አለው፤ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ለቀቀው። ዛሬ ማንኛውም ተማሪ ያለ ክፍያ አውርዶ በአሮጌ ዴስክቶፕ ወይም እንደ ራስፕቤሪ ፓይ ባለች ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ሊጭነው ይችላል። ይህን ሰው ያነሣነው ያኔ ከእናንተ የተለየ አቅም ያልነበረው ተማሪ ስለነበረ ነው።

3. ቢሮውን እንሥራው

ለምሳሌ በጣና ዳር ወደ ዘጌ የሚሄዱ እንግዶችን በጀልባ የሚያመላልስ ትንሽ ቢሮ እናስብ። ሦስት ክፍሎች አሉት፦ ፊት ለፊት እንግዳ መቀበያ፣ ሒሳብ ክፍል፣ ሥራ አስኪያጅ። በዚያው ግቢ ውስጥ በ70 ሜትር ርቀት ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት ጋ የጥበቃ ቤት አለ። እስካሁን ሥራው የሚካሄደው በሠራተኞቹ የግል ሞባይል ነው። እንግዳ የምትቀበለው እህት የግል ቁጥሯ ለማያውቋት ሁሉ ተበትኗል፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በሌሊትም ይደወልላታል። ሥራ ብትቀይር ደንበኞቹ ቁጥሯን ተከትለው ይሄዳሉ፤ ቢሮውም ባዶ እጁን ይቀራል። የቢሮ ስልክ የሚያስፈልገው ብር ለመቆጠብ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የሚያስፈልገው ዕቃ ይህ ነው፦

አንድ አሮጌ ግን ጤነኛ ኮምፒውተር፣ ሊነክስና አስተሪስክ ተጭኖበት። ስልክ ከማስተላለፍ በቀር ሌላ ሥራ አይሰጠው፤ ፊልም የሚታይበት፣ ፍላሽ የሚሰካበት አይሁን።

አንድ ስዊችና የኔትወርክ ኬብል። የመዳብ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሠራል፤ ስለዚህ ወደ ጥበቃ ቤቱ 70 ሜትር ይደርሳል። ነገር ግን የባሕር ዳር ክረምት መብረቁ ከባድ ነው፤ በደጅ የተዘረጋ መዳብ መብረቅን ይዞ ወደ ስዊቹ ይገባል። አቅም ካለ ለዚያች መንገድ ፋይበር ይሻላል፤ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና።

ስልኮች። አዲስ የአይፒ ስልክ ለሁሉም መግዛት ግዴታ አይደለም። በየመሳቢያው የተቀመጡ አሮጌ ስማርት ስልኮች ሊንፎን የመሰለ ነጻ መተግበሪያ ተጭኖባቸው በዋይፋይ ቅጥያ ይሆናሉ፤ ሲም ካርድም አይፈልጉም። ብዙ ለሚደወልበት ለእንግዳ መቀበያው ግን አንድ እውነተኛ የአይፒ ስልክ በኬብል ቢሆን ይመረጣል። ዋይፋይ ሰው ሲበዛበት መጀመሪያ የሚቆራርጠው ድምጽን ነው።

ቀጥሎ የቁጥር አሰጣጡ። ለቅጥያ ሦስት አሃዝ ይበቃል፤ 201፣ 202፣ 203፣ 204 ብንል ጥሩ ነው። በ0 አትጀምሩ፤ የባሕር ዳር መደበኛ ስልክ በ058፣ ሞባይሎቹም በ09 እና በ07 ስለሚጀምሩ ይጋጫል። በ9ም አትጀምሩ፤ እንደ 991፣ 907 እና 994 ያሉ የአደጋና የአገልግሎት አጭር ቁጥሮች የሚጀምሩት በእሱ ነው። አንድ ሠራተኛ አምቡላንስ ብሎ ደውሎ ሒሳብ ክፍል ቢጮህ ጥፋቱ የእኛ ነው።

የሰዓት ነገር ብዙዎችን ያሳስታል። ለጁሙዓ ከ6፡30 እስከ 8፡00 ጥሪው ሶላት ወደማይወጣ ባልደረባ ወይም ወደ መልእክት መቀበያ እንዲዞር እናድርግ ብንል፣ ማሽኑ የሚያውቀው 12፡30 እና 14፡00 የሚለውን ነው። 6፡30 ብለን ከጻፍን ጠዋት 12፡30 ላይ ማንም በሌለበት ያዞረዋል፤ ኹጥባው ላይ ግን ስልኩ ይጮሃል።

ስልኩ እስከ መቼ ይጩህ? አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ለመግባት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ሦስት ጊዜ ጠይቆ ካልተፈቀደለት እንዲመለስ ተምረናል። ስልክም በር ማንኳኳት ነው። ለ20 ሰከንድ ያህል ጮኾ ካልተነሣ ወደ ሌላ ቅጥያ ይለፍ፤ እዚያም ካልተነሣ መልእክት ይቀበል። ደዋዩም አይንገላታም፣ ሥራ ላይ ያለውም አይረበሽም።

4. ወደ ውጭ የሚወስደው በር

እስካሁን የሠራነው ሁሉ ግቢው ውስጥ ነው። ዕቃው የቢሮው ነው፣ ተነጋጋሪዎቹም የቢሮው ሠራተኞች ናቸው፤ ለማንም አገልግሎት አልተሸጠም። ጥያቄው የሚመጣው ከ202 ተነሥቶ ወደ አንድ ደንበኛ ሞባይል ለመደወል ሲፈለግ ነው። በዚህ በር ላይ ሕግ ቆሟል።

የአገራችን ሕግ በዚህ ጉዳይ ረጅም ታሪክ አለው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት የድምጽና የፋክስ አገልግሎት መስጠትን ከለከለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጠውን በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ አደረገው፤ አገልግሎቱን የሚያገኘውንም ተጠያቂ ያደርጋል። በዚያን ሰሞን ስካይፒ ተከለከለ የሚል ወሬ ሲናፈስ፣ የመንግሥት ኃላፊዎች ዒላማው ከቤተሰቡ ጋር የሚነጋገረው ግለሰብ አለመሆኑን ተናግረው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ወጥቶ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ገበያውም ተከፈተ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም በይፋ ሥራ ሲጀምር አገልግሎት የሚሰጡ ፈቃድ ያላቸው አቅራቢዎች ሁለት ሆኑ። ገበያው ተከፈተ ማለት ግን ማንም ያለ ፈቃድ ጥሪ ያስተላልፍ ማለት አይደለም።

ሕጉ ለምን ጠበቀ? ሲም ቦክስ የሚባለውን ነገር በማየት መረዳት ይቻላል። ከሳዑዲ ወይም ከዱባይ ዘመድ ሲደውልላችሁ ስክሪኑ ላይ የማታውቁት የ09 ቁጥር መጥቶ አያውቅም? ጥሪው በትክክለኛው መንገድ ቢመጣ የውጭው ድርጅት ለአገራችን ቴሌኮም በየደቂቃው በውጭ ምንዛሪ ይከፍል ነበር። ሕገ ወጦቹ ግን ጥሪውን በኢንተርኔት ያመጡትና አንድ ኪራይ ቤት ውስጥ ብዙ ሲም ካርዶች በተሰኩበት ሳጥን በኩል እንደ አገር ውስጥ ጥሪ መልሰው ያስገቡታል። ቴሌኮሙ የአገር ውስጡን ታሪፍ ብቻ ያገኛል፤ ልዩነቱ በመካከል ላሉት ይገባል።

ተማሪ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። «ቤት ተከራይ፣ ኢንተርኔት በስምህ አስገባ፣ ሳጥኑን ብቻ ጠብቅ፣ በየወሩ ይከፈልሃል» ይባላል። ሳጥኑ ሲያዝ ስሙ በኪራይ ውሉ ላይ የተጻፈው እሱ ነው፤ ኢንተርኔቱም በእሱ ስም ነው። ገንዘቡን ይበላ የነበረው ሰው ምናልባት አገር ውስጥም የለም። ወንድሞቻችን ሆይ፣ ለሥራው ከሚገባው በላይ የሚከፈል ገንዘብ ስታዩ ከመቀበላችሁ በፊት ጠይቁ።

ታዲያ ቢሮው በትክክል እንዴት ይውጣ? ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ውስጡ በቅጥያ፣ ውጭው በአንድ የቢሮ ሞባይል። ቁጥሩ የቢሮው እንጂ የማንም የግል አይሆንም። ለብዙ ትንሽ ቢሮ ይህ ይበቃል።

ሁለተኛው ከኢትዮ ቴሌኮም መደበኛ የ058 መስመር አስገብቶ፣ ኤፍኤክስኦ የሚባል መግቢያ ባለው መሣሪያ ከአስተሪስኩ ጋር ማገናኘት ነው። ደንበኛው በአንድ ቁጥር ይደውላል፤ ማሽኑ ወደ ትክክለኛው ክፍል ያደርሰዋል። ጥሪው ፈቃድ ባለው አቅራቢ መስመር ይገባል፣ በእሱው ይወጣል፣ ክፍያውም በታሪፉ ይከፈላል።

ሦስተኛው ቢሮው ሲያድግ ከአቅራቢው ጋር በቀጥታ የድርጅት የድምጽ አገልግሎት ውል መግባት ነው።

በሦስቱም መንገድ ሲም ካርድ የሚሰካበት ጌትዌይ አንጨምርም፤ የውጭ አገር ርካሽ የሲፕ አካውንትም ገዝተን የሰዎችን ጥሪ አናሳልፍም። ማንኛውም የቴሌኮም መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት ፈቃድ ያለው ዓይነት መሆኑን ከባለሥልጣኑ እናረጋግጥ። ጎንደር ያለ ቅርንጫፍን ማገናኘት ካስፈለገም ነገሩ ከግቢ ወጥቷልና ከአቅራቢው ጋር በውል ይሁን። ሱረቱል ማኢዳህ የሚጀምረው ምእመናን ቃል ኪዳናቸውን እንዲሞሉ በማዘዝ ነው። ኢንተርኔት ስናስገባ የፈረምነው ውልም ቃል ኪዳን ነው።

5. መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋ

የድሮው መደበኛ ስልክ የሚሠራበትን ኃይል በመዳቡ መስመር ከስልክ ጣቢያው ያገኝ ስለነበር ቤት መብራት ቢጠፋም ይሠራል። የእኛው ግን ኮምፒውተሩ፣ ስዊቹና ዋይፋዩ አንድ ላይ ይጠፋሉ። ስለዚህ ሦስቱም በአንድ ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ፤ ማተሚያ ማሽን ግን በዚያ ላይ አይሰካ። ለአደጋ ጊዜም አንድ ተራ ሞባይል ቻርጅ ሆኖ ይቀመጥ።

ኢንተርኔትስ ቢጠፋ? ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። የስልኩ አንጎል ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ቢሆን ኖሮ በአንድ ግቢ ያሉ ሁለት ክፍሎች እንኳ መነጋገር ባልቻሉ ነበር። አንጎሉ ቢሮው ውስጥ ሲሆን ግን ቅጥያዎቹ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራሉ፤ የ058 መስመሩም ይሠራል። ለእኛ ከተማ አሮጌውን ኮምፒውተር የመረጥንበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

6. በእጃችን ያለው አማና

ሥራው አልቆ ስልኩ ሲጮህ ሁለት ቁልፎች በእጃችን ይቀራሉ።

አንዱ የይለፍ ቃሉ ነው። ሲፕ የሚያዳምጥበትን ፖርት 5060 ለኢንተርኔት ከፍተን ብንተው፣ ክፍት በር የሚፈልጉ አውቶማቲክ ፕሮግራሞች ብዙም ሳይቆዩ ያገኙታል። ቅጥያው 201፣ የይለፍ ቃሉም 201 ከሆነ ይገባሉ፤ በበዓል ወይም በእረፍት ቀን በቢሮው መስመር ወደ ውድ የውጭ ቁጥሮች ይደውላሉ፤ ሒሳቡ ለቢሮው ይመጣል። ስለዚህ በፋየርዎል ከውጭ ዝጉት፤ ለየቅጥያው ረጅምና የተለያየ ቃል ስጡ፤ ዓለም አቀፍ ጥሪን ከሚያስፈልገው ሰው በቀር ለማንም አትፍቀዱ። ሥራውን ስታስረክቡም ቃሎቹን በወረቀት ለባለቤቱ ስጡ፤ እናንተ የምትገቡበትን ድብቅ መንገድ አታስቀሩ።

ሁለተኛው ጆሮ ነው። አስተሪስክ ጥሪ መቅዳት፣ በመካከል ገብቶ ማዳመጥም ይችላል። አንድ ሥራ አስኪያጅ «ሠራተኞቹ ምን እንደሚያወሩ ሳያውቁ ቅዳልኝ» ሊለን ይችላል። በሱረቱል ሑጁራት 12ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ክፉ ጥርጣሬን፣ መሰለልንና ሐሜትን በአንድ ላይ ከልክሏል። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ቅጂ ለሥራ የሚያስፈልግ ከሆነ ሠራተኛው ይወቅ፣ ደዋዩም ስልኩ ሲነሣ ይነገረው፣ ቅጂው የሚጠፋበት ቀን ይወሰን። ይህን ካልፈለጉ በአክብሮት «ይህን አንሠራም» ማለት አለብን። አንድ ሥራ ቢያመልጠን ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው።

ለሐለቃ ውይይት

ሀ. አንድ ቢሮ በጂ729 5 ጥሪ በአንድ ጊዜ ቢያደርግ በአንድ አቅጣጫ ስንት ቢት በሰከንድ ያስፈልገዋል? በጂ711ስ?

ለ. ጓደኛችሁ «ሳጥን አስቀምጥልኝ፣ ምን እንደሆነ አትጠይቅ» ቢላችሁ በሕግም በዲንም ምን ትመልሱለታላችሁ?

ሐ. በምትሠሩበት ወይም ልምምድ በወጣችሁበት ቢሮ የግል ቁጥራቸው ለደንበኛ የተበተነ እህቶች አሉ? በአንድ የቢሮ ሞባይል ብቻ ምን ያህል ማስተካከል ይቻላል?

አላህ (ሱ.ወ.) ዕውቀታችንን የሚጠቅም፣ ሪዝቃችንን ሐላል፣ እጃችንን ታማኝ ያድርግልን። አሚን።